«ብትወዱኝ ትእዛዜን ጠብቁ»፣ ማሽኑ ግን «ተበላሽቷል»

የፒያሳዋ ካሸር · ቅዳሜ ማታ 2፡40

ሰላም ወገኖች። እዚህ አነባለሁ እንጂ ጽፌ አላውቅም። ዛሬ ግን ሆዴ ውስጥ ያለውን ላውጣው።

ፒያሳ አካባቢ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ውስጥ ካሸር ነኝ። ሦስት ዓመት ሆነኝ። አለቃዬ አማኝ ነው። የይምሰል አይደለም። አሥራቱን አያስቀርም፣ የታመመ ሠራተኛ ያሳክማል፣ ጠዋት ጸልየን ነው ሱቅ የምንከፍተው። ከኔ ጀርባ ግድግዳው ላይ «እኔና ቤቴ ግን እግዚአብሔርን እናመልካለን» የሚል ጽሑፍ በትልቅ ፍሬም ተሰቅሏል። ከሥሩ ደረሰኝ ካልተሰጠዎ አይክፈሉ የሚለው ማስታወቂያ አለ። ከሱ ሥር የሽያጭ ማሽኑ። ማሽኑ ላይ ደግሞ በፕላስተር የተለጠፈች ወረቀት፦ «ማሽኑ ተበላሽቷል»።

ማሽኑ አልተበላሸም። አረንጓዴ መብራቱ ቀኑን ሙሉ ይበራል። ወረቀቷን የጻፍኳት እኔ ነኝ። የእጅ ጽሑፍሽ ያምራል ተብዬ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዕቃው 4,000 ብር ነው እንበል። በደረሰኝ ከሆነ 15 በመቶ ቫት ተጨምሮ 4,600 ይሆናል። «ያለ ደረሰኝስ?» ይላል ገዢው። እኔ አለቃዬን አያለሁ። እሱ አንገቱን ነቅነቅ ያደርጋል። 4,000 ተቀብዬ መሳቢያ ውስጥ እከታለሁ። ይሄ የሚያውቁን ነጋዴዎች ሲመጡ ነው። የማናውቀው ሰው ደረሰኝ ሲል ወረቀቷን በጣቴ አሳያለሁ። ፊቱ ካላማረኝ ማሽኑ ድንገት «ይሠራል»።

ኳየር ውስጥ እዘምራለሁ። ባለፈው እሁድ አንድ መዝሙር ላይ «እወድሃለሁ» የሚለውን 12 ጊዜ ደጋግመን አልን። ቆጥሬው ነው። አልቅሻለሁም። ከዚያ ፓስተሩ ዮሐንስ 14፡15ን አነበበ። «ብትወዱኝ ትእዛዜን ጠብቁ።» ሦስት ቃል ናት። ያቺ ወረቀት ዓይኔ ላይ መጣችና የቀረውን ስብከት አልሰማሁም።

እናቴን የማስተዳድረው እኔ ነኝ። የቤት ኪራይም አለ። «ሥራሽን ልቀቂ» የምትሉኝ እባካችሁ ቀስ ብላችሁ በሉኝ።

ቃሉ ይናገር · 2፡52

ሮሜ 13፡7። «ግብር ለሚገባው ግብርን፥ ቀረጥ ለሚገባው ቀረጥን።» ግልጽ ነው እህቴ። ልቀቂ፣ ጌታ ያዘጋጃል።

ካዛንቺሴ · 2፡55

12 ደቂቃ ውስጥ ተነቦ ተፈረደ። ቀስ በሉኝ አላለችም እንዴ? ኪራዩን አንተ ትከፍልላታለህ?

ቃሉ ይናገር · 2፡57

እኔ ቃሉን ነው የጠቀስኩት።

ካዛንቺሴ · 2፡58

ቃሉማ ምን ወጣለት። የቸኮልከው አንተ ነህ።

ጸጋ በቃኝ · ማታ 3፡20

እህቴ፣ ራስሽን እንዲህ አታስጨንቂ። የዳንሽው በጸጋ ነው፣ ኤፌሶን 2፡8። እግዚአብሔር ደረሰኝ እየቆጠረ አይወድሽም። ያለቀስሽው ለቅሶም ውሸት አልነበረም። «ታዘዝ፣ ታዘዝ» የሚለው ነገር መጨረሻው ሃይማኖተኝነት ነው። ነገ ደግሞ ሌላ ወረቀት ታገኚና ትጨነቂያለሽ።

ዲያቆን ነበርኩ · ማታ 4፡05

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ከኦርቶዶክስ ቤት ነኝ፣ ብገባ ቅር እንደማይላችሁ ተስፋ አለኝ።

ጸጋ በቃኝ፣ በግማሹ እስማማለሁ። ዘጸአት 20ን ገልጠህ እይ። አሥሩ ትእዛዛት በትእዛዝ አይጀምሩም። «ከግብፅ ምድር ከባርነት ቤት ያወጣሁህ እግዚአብሔር አምላክህ እኔ ነኝ» ብሎ ነው የሚጀምረው። ባሕሩ የተከፈለው ምዕራፍ 14 ላይ ነው። ሕጉ የመጣው ምዕራፍ 20 ላይ። ሕጉን ከጠበቅህ ከግብፅ አወጣሃለሁ አላለም። ካወጣቸው በኋላ ነው ያዘዛቸው። ስለዚህ መታዘዝ ለመወደድ የሚከፈል ዋጋ አይደለም። እዚህ ድረስ አብረን ነን። ግን የጠቀስከው ኤፌሶን 2 ቁጥር 8 ላይ አይቆምም። ሁለት ቁጥር ዝቅ ብትል «መልካሙን ሥራ ለማድረግ» ተፈጠርን ይላል።

ደግሞ የራሳችንን ቋንቋ እንስማው። «ይህ ልጅ አይሰማም» ስንል ጆሮው ደንቁሯል ማለታችን ነው? አይታዘዝም ማለታችን ነው። ዕብራይስጡም እንደዚያው ነው፤ መስማትና መታዘዝ በአንድ ግስ ይነገራሉ። ዘዳግም 6 ላይ «እስራኤል ሆይ፥ ስማ» ይልና ወዲያው አምላክህን እግዚአብሔርን በፍጹም ልብህ ውደድ ይላል። ስማና ውደድ እንዲህ ተጠጋግተው ነው የሚኖሩት።

ሳኦል የወደቀው እዚህ ላይ ነው። የአማሌቅን ሁሉ አጥፋ ተብሎ ሳለ ምርጥ ምርጡን በግና በሬ አስቀረ። ነቢዩ ሳሙኤል ወደ እሱ ሲመጣ «የእግዚአብሔርን ትእዛዝ ፈጽሜአለሁ» አለው። ሳሙኤልም ታዲያ ይህ የምሰማው የበጎች ጩኸት ምንድን ነው አለው። ይህን ባነበብሁ ቁጥር እስቃለሁ። በጎቹ አጋለጡት! ሳኦል ግን መልስ አላጣም፤ ለእግዚአብሔር ልንሠዋቸው ነው አለ። «መታዘዝ ከመሥዋዕት ይበልጣል» የሚለው ቃል የመጣው ያኔ ነው፣ 1ኛ ሳሙኤል 15፡22። እህቴ፣ ያንቺ አረንጓዴ መብራት የሳኦል በግ ነው የመሰለኝ።

አንድ ነገር ልጨምርና ልተኛ። ቅዱስ ባስልዮስ ሰው የሚታዘዘው በሦስት መንገድ ነው ይላል፤ እንደ ባሪያ ቅጣት ፈርቶ፣ እንደ ቅጥረኛ ደመወዝ ፈልጎ፣ እንደ ልጅ ደግሞ ወድዶ። ገቢዎች ይመጡብኛል ብለሽ ደረሰኝ ብትቆርጪ የባሪያ ነው። ሱቁ ይባረካል ብለሽ ብትቆርጪ የቅጥረኛ ነው። ሦስተኛውን አንቺ ታውቂዋለሽ፤ እናትሽን አይደል የምታስተዳድሪው? ማንም አስገድዶሽ አይደለም።

የሒሳብ ሰው ነኝ · እሁድ ከሰዓት 8፡10

መንፈሳዊውን ለእናንተ ትቼ ወደ መሳቢያው ልግባ።

ቫት ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ አገራችን ውስጥ አለ፣ 15 በመቶ። ብዙ ሰው የነጋዴው ገንዘብ ይመስለዋል። አይደለም። ገዢው ከፍሎ በነጋዴው በኩል ወደ መንግሥት የሚያልፍ ገንዘብ ነው። አለቃሽ ዕቃውን ሲገዛ የከፈለውን ቫት ቀንሶ ልዩነቱን ያስገባል። ያለ ደረሰኝ ሲሸጥ ግን የሚጠፋው 600 ብሩ ብቻ አይደለም። ሽያጩ ራሱ ይጠፋል፤ ትርፉም፣ የትርፉም ግብር አብሮ ይጠፋል። መጋዘን ያለው ዕቃና ሰነዱ አይገጥሙም። ኦዲት ሲመጣ ካሸሯም ልትጠየቅ ትችላለች። ማሽን በእውነት ሲበላሽ ደግሞ ለሚመለከተው ክፍል ይነገራል፣ ባለሙያ መጥቶ ያየዋል። በፕላስተር አይታከምም።

እና እህቴ፣ ወረቀቷ ላይ ያለው የማን የእጅ ጽሑፍ ነው?

የፒያሳዋ ካሸር · እሁድ ማታ 1፡30

የሒሳብ ሰው፣ አሁን ደግሞ በሁለት በኩል አስፈራኸኝ።

ዲያቆን፣ እናቴን ስትጠቅስ ያዝከኝ። ልጅ ሆኜ እናቴ ስትጠራኝ «አቤት!» እል ነበር እንጂ ከመቀመጫዬ አልነሳም። «አቤትሽን ተይውና ነይ» ትለኝ ነበር። 12 ጊዜ የዘመርኩት አቤት ብቻ እንዳይሆን ፈራሁ።

የቸርችል ነጋዴ · እሁድ ማታ 2፡15

ልጄ፣ እኔ በዚህ ታሪክ ውስጥ አለቃሽን እመስላለሁ።

ቸርችል ጎዳና ላይ ብዙ ዘመን ነግጃለሁ። ወር በገባ በ23 ጊዮርጊስን ሳልሳለም ሱቅ ከፍቼ አላውቅም። ሁዳዴን 55ቱንም ቀን እጾማለሁ፣ ከቅዳሜና እሁድ በቀር እስከ 9 ሰዓት። ይህን ለጉራ አይደለም የምጽፈው፤ የሚመጣውን እንድትሰሚ ነው።

አንድ ዓመት፣ በሁዳዴ፣ 9 ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ሲል ዘበኛዬ በሩ ላይ መጥቶ ቆመ። ኮፍያውን አውልቆ በሁለት እጁ ይዞታል። «ጌታዬ፣ የሁለት ወሩ ነገር...» አለኝ። ገንዘብ አልነበረኝም ብዬ አልዋሽሽም። ነበረኝ። ቀረጥ ላይ የተያዘ ዕቃ ስለነበር ብሩን ልያዘው ብዬ ነው። «ከፋሲካ በኋላ» አልኩት። «እሺ» ብሎ ኮፍያውን አደረገ። ወዲያው ሽሮዬ መጣ። ስቆርስ ቀና ብል እሱ ጀርባውን ሰጥቶኝ ቆሟል። እኔ በፈቃዴ እጾማለሁ። እሱን የሚያስጾመው እኔ ነኝ።

ኢሳይያስ 58ን ስንት ጊዜ ሲነበብ ሰምቻለሁ። እኔ የመረጥሁት ጾም የበደልን እስራት መፍታት ነው ይላል። ያዕቆብም የተያዘ ደመወዝ ይጮኻል ብሏል። የሚጮኸው ሰውየው አይደለም እኮ፣ ብሩ ነው። ያን ቀን ከመሳቢያዬ ሰማሁት።

ደረሰኝ መቁረጥ የጀመርኩት ከዚያ ወዲያ ነው። አንዱ ነገር ሌላውን ይስባል። አሁን «እግዚአብሔር እጥፍ አድርጎ ሰጠኝ» እንድልሽ ትጠብቂ ይሆናል። አልሰጠኝም። ብዙ ደንበኞቼ መንገድ ተሻግረው ሄዱ። ሁለት ሠራተኛ ቀነስኩ፤ ያ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ልክ ስትሠሪ የሚጎዳ ሰው አይጠፋም፣ ይህን ማንም አይነግርሽም። ግን ማታ መዝገቤን ስዘጋ አንድ መዝገብ ነው የምዘጋው። ድሮ ሁለት ነበረ።

ካዛንቺሴ · 2፡21

ጋሼ፣ ዘበኛው ተከፈለው?

የቸርችል ነጋዴ · 2፡26

በማግስቱ። ሁለቱንም ወር። ያን ምሽት በምን እንደ በላ ግን አላውቅም።

የዶሮ ማነቂያ ልጅ · እሁድ ማታ 4፡40

ጋሼ አስጻፉኝ።

ደረሰኙ የሚቀል ይመስለኛል። እኔ የተያዝኩት ይቅርታ ላይ ነው። የፒያሳ ሰፈራችን በ2016 ሲፈርስ እኔና ታላቅ ወንድሜ በቤቱ ነገር ተጣላን። ዝርዝሩ አይጠቅማችሁም፤ እሱ ሲናገረው እሱ ልክ ነው፣ እኔ ስናገረው እኔ ልክ ነኝ። አልተነጋገርንም እስከ ዛሬ።

ሁለታችንም አራዳ ጊዮርጊስ ነው የምንሳለመው። ሰፈሩ ባይኖርም እግራችን እዚያው ይወስደናል። ቤተ ክርስቲያኑ ስምንት ማዕዘን መሆኑን ታውቃላችሁ። እሱ የሚቆምበትን በኩል አውቀዋለሁ። በዚያ እንዳላልፍ በየት ገብቼ በየት እንደምወጣ ከለመድኩት ቆየሁ። አንድ ቀን ስዞር ቀና ስል በዓይን ተገጣጠምን። እኔ ሰማዩን እንደማይ ሆንኩ። እሱም።

ማቴዎስ 5 መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ ሂድ፣ አስቀድመህ ከወንድምህ ታረቅ ይላል። ሻማ ገዝቼ፣ ለኩሼ፣ ተሳልሜ፣ ተንበርክኬ... ሁሉን አድርጌ ያቺን አንዷን ብቻ እዘላታለሁ። የኔም ማሽን ተበላሽቷል በሉኝ።

ጸጋ በቃኝ · ሰኞ ጠዋት 3፡05

ሁላችሁንም ሳነብ አደርኩ። ቁጥር 10 ገብታኛለች ዲያቆን፣ ተቀብያለሁ።

ግን እኔንም ስሙኝ። ያደግሁት «ባትታዘዝ ትቀጣለህ» በሚል ቤት ነው፤ ጥቅሱም ዱላውም ከአንድ ሰው ነበር የሚመጣው። «መታዘዝ» የሚለውን ቃል ስሰማ ጀርባዬን ነው የሚያመኝ። «የወደደ ይታዘዛል» ሲባል ሁሉም ሰው እንደናንተ አይሰማውም።

ዲያቆን ነበርኩ · ሰኞ 6፡30

ወንድሜ፣ ይህን ባለማወቄ ቅዳሜ ማታ ቀለል አድርጌ ጻፍሁ። ይቅርታ።

አንድ ነገር ብቻ። ጴጥሮስ የካደው ፍም እሳት ዳር ሲሞቅ ነው፣ ዮሐንስ 18። ምዕራፍ 21 ላይ ጌታ በባሕሩ ዳር የሚጠብቀው እንደገና ፍም አንድዶ ነው፤ ዓሣና እንጀራ ይዞ። መጀመሪያ «ኑ፥ ምሳ ብሉ» አላቸው። ከበሉ በኋላ ነው «ትወደኛለህን?» ያለው፣ ሦስት ጊዜ። ለምን ካድከኝ አላለውም። ዱላም አላነሳም። «በጎቼን ጠብቅ» ብሎ ሥራ ሰጠው። ቅጣት አልነበረም። አመነው ማለት ነው።

ጸጋ በቃኝ · 6፡44

ምሳውን ልብ ብዬው አላውቅም ነበር።

የፒያሳዋ ካሸር · ሰኞ ማታ 2፡00

ነገርኩት።

ጠዋት ከጸሎት በኋላ። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ቁልፍ የያዝኩበት እጅ ስለሆነ ተሰማ። «ጋሼ፣ ያቺን ወረቀት እኔ ነኝ የጻፍኳት። ላነሳት እፈልጋለሁ» አልኩት።

ዝም አለ። ከዚያ «ጎረቤቶቻችን ቆርጠው የሚሸጡ ይመስልሻል?» አለኝ።

«አይመስለኝም።»

«ታዲያ?»

«እነሱን አላውቅም። ይቺን ግን እኔ ነኝ የጻፍኳት።»

«ሒሳብሽን ሥሪ» ብሎኝ ወጣ። ቀኑን ሙሉ አላናገረኝም። 10 ሰዓት ላይ ለሁሉም ሻይ አዘዘ። ለኔ አላዘዘም። ሦስት ዓመት ሙሉ ቀርቶብኝ አያውቅም። ይሄን መጻፍ ያሳፍራል፣ ግን ከሁሉ የከፋኝ ሻዩ ነው።

ቃሉ ይናገር · 2፡10

እህቴ፣ ቅዳሜ ቸኩያለሁ። እየጸለይኩልሽ ነው። ሥራ ብታጪ እኔ በምሠራበት ቤት ቦታ እጠይቅልሻለሁ፣ የምሬን ነው።

ካዛንቺሴ · 2፡12

አሁን ተስማማን።

የፒያሳዋ ካሸር · ረቡዕ ማታ 1፡50

ዛሬ ጠራኝና እንዲህ አለ፦ «ከዛሬ ጀምሮ አንቺ በደረሰኝ ብቻ ትሸጫለሽ። ያለ ደረሰኝ የሚፈልግ ወደኔ ይምጣ።» ሌላ መሳቢያ አስገብቷል። ወረቀቷ ግን አሁንም ማሽኑ ላይ ናት። ማሽኑ ተበላሽቷል ከሚል ወረቀት ሥር ደረሰኝ እየቆረጥኩ ነው። ገዢዎች ይስቃሉ።

ይሄ መታዘዝ ነው? ወይስ እጄን ብቻ ነው የታጠብኩት?

ዲያቆን ነበርኩ · 2፡30

እውነቱን ልንገርሽ፣ ሳኦልን አስታወሰኝ። ግማሽ ታዝዞ ግማሹን ማስቀረት። ግን ሳኦል አንቺ አይደለሽም፤ እንዲቀር ያደረግሽው ነገር የለም። አንቺ ላይ የነበረው ድርሻ ያ ነበር።

የሒሳብ ሰው ነኝ · 2፡41

የመሳቢያሽ ርክክብ በየቀኑ በጽሑፍና በፊርማ ይሁን። መንፈሳዊ አይደለም፣ ግን አድርጊው።

የቸርችል ነጋዴ · 3፡00

ጊዜ ስጪው ልጄ። ሁለተኛ መሳቢያ ያስገባ ሰው የመጀመሪያውን መንካት አፍሯል ማለት ነው። እኔ ከዘበኛዬ ቀን እስከ ደረሰኙ ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል። አንቺን ያላባረረበት ምክንያት ምን ይመስልሻል?

የዶሮ ማነቂያ ልጅ · ዓርብ ጠዋት 2፡20

ዛሬ 23 ነው። በወንድሜ በኩል አለፍኩ። «ታዲያስ» አልኩት። «አለሁ» አለኝ። ሌላ አልተባባልንም። ሻማው ግን እጄ ላይ ቀልጦ ጣቴን አቃጥሎኝ ነበር፣ አሁን ነው ያየሁት።

የፒያሳዋ ካሸር · ቅዳሜ ማታ 1፡15

ሳምንት ሞላን። ዛሬ ጠዋት ስገባ ማሽኑ ላይ ያለው የፕላስተሩ ምልክት ብቻ ነው። ወረቀቷ የለችም። ማን እንዳነሳት አልጠየቅኩም። ሁለተኛው መሳቢያ ግን እንዳለ ነው።

10 ሰዓት ላይ ሻይ መጣልኝ።

ካዛንቺሴ · 1፡17

በደረሰኝ?